ማንም ያልነካው ገመድ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ጭንቀት የሚባል ነገር ተከትሏችሁ ከበሩ አይወጣም። እዚሁ አግዳሚው ወንበር ላይ ጥላችሁት ነው የምትሄዱት። በኔ ይሁንባችሁ! ባለፈው እሁድ ከጤና ጣቢያ የመጡት ሲስተር የውጥረትንና የጭንቀትን ልዩነት ሲያስረዱን ግማሻችሁ አንቀላፍታችሁ ነበር። የቀራችሁት ደግሞ «ሁለቱም ያው አይደሉ እንዴ?» እያላችሁ ወጣችሁ። እሳቸው በደንብ ነው ያስረዱት፤ ያልሰማችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ግን በአንዲት ምሳሌ እጨርሰዋለሁ፤ ያውም ማንም ሳያዛጋ።

እንግዲህ ስሙ።

አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ከጠራሁ ትቆጣኛለች፣ እጇ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ባሏ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እሱ ይወርዳል፤ እሷ ከላይ ሆና ገመድ ትይዛለች። የሚተዳደሩት በዚሁ ነው።

ገመዱ ሁለት ነው። አንዱ ባልዲ የታሰረበት ነው፤ አፈሩና ድንጋዩ በእሱ ይወጣል። ሌላው ባልየው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ጫፉ ደግሞ የሚስትየው ግራ እጅ ላይ ይጠመጠማል። ሰውዬው የሚወርደውም የሚወጣውም ግድግዳው ላይ በፈለፈለው እግር ማስገቢያ ነው። ግን እግሩ ቢስት፣ አፈሩ ቢከዳው፣ የሚተርፈው በዚያ ገመድ ብቻ ነው።

አሁን ይህችን ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም! ጉድጓድ ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ይምታታል። ደግሞም ከታች ሆኖ የሚጮህ ቆፋሪ በእነሱ ሙያ ፈሪ ነው የሚባለው፤ ገበያ ላይ ሳይቀር ይሳቅበታል። ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚጣራም ያው ነው። ስለዚህ የሚናገረው ገመዱ ነው። ባልየው አንዴ ሳብ ካደረገ፣ ባልዲው ሞልቷል። ደገም አድርጎ ከሳበ፣ ልወጣ ነው ያዢኝ። ገመዱ ከተንቀጠቀጠ ግን…

ገመዱ ከተንቀጠቀጠ፣ አፈሩ ሊናድ ነው፤ ድረሺልኝ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ አሸዋማ መሬት ላይ እየቆፈሩ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ውሃ እንደጠጣ ነው። ባልየው ከታች ነው። የሚያስቆፍራቸው የግቢው ባለቤት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይመለከታል። በድንገት ገመዱ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ምን አደረገች? አሰበች? አላሰበችም። አለቀሰች? ለማልቀስ ጊዜ የት አለ! እግሯን ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመው ግንድ ጋር ተክላ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ሳበች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል። ሳበች። መዳፏ ተልጧል፤ አላወቀችም። ከታች የሚወድቀው አፈር ድምፅ ይሰማል፣ ጆንያ ከትከሻ ሲጣል እንደሚሰማው ነው። ሳበች! የባልየው እጅ ብቅ አለ። ከዚያ ጭንቅላቱ። ከዚያ አፈር የሞላው አፉ። ደረቱን ሣሩ ላይ ከማድረጉ ጉድጓዱ ከሥሩ ተደረመሰ።

ሁለቱም ወደቁ። የግቢው ባለቤት እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች።

ከየት መጣ? እናንተ ንገሩኝ እስቲ፣ ከየት መጣ?

ሲስተር ውጥረት ያሉት ይሄው ነው። ከፊቷ እውነተኛ ነገር አለ። አፈሩ በእውነት ይናዳል፤ ባሏ በእውነት ከሥሩ ነው። ስለዚህ ሰውነቷ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጣት። እጇን እጅ አደረገላት። ወገኖቼ፣ ውጥረትን ሁልጊዜ እንደ ጠላት አትዩት። ውጥረት ባይኖር ያን ቀን ቀብር ነበረብን።

አሜን በሉ እንጂ! ገና ነኝ እኮ።

ከዚያስ? ከዚያማ ገመዱን ከእጇ ላይ ፈታች፣ ቤቷ ገባች። ነገሩ አለፈ። ማለፍ ነበረበት። ግን ገመዱ ተፈታ እንጂ እጇ አልተፈታም።

በማግሥቱ ልብስ ስታጥብ ግራ እጇን የሆነ ነገር ሳብ ያደረጋት መሰላት። ዞር አለች፤ ማንም የለም። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሳብ። እዚሁ አዳራሽ ቆማ ስትዘምር፣ ሳብ። ባልየው ጎረቤት ደርሶ ሲመለስ ትንሽ ከቆየ፣ ወጥታ መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳን በር ላይ መቆም ጀመረች። አትሳቁ! እውነቴን ነው። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ግጥም።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«እያለፍኩ ነው።»

«ወዴት? ከዚህ ወዲያ አጥር ነው እኮ!»

እሱ ሳቀና ረሳው። እሷ አልሳቀችም። እናንተ አሁን የሳቃችሁት እሱ የሳቀውን ሳቅ ነው።

ለጎረቤቷ ነገረቻት። ጎረቤቷ ምን አለቻት? የምንለውን ነዋ! «ጌታ ባልሽን አትርፎልሽ እያለ ምን ያስጨንቅሻል? ይሄ እምነት ማጣት ነው። ጸልዪና ተይው።» እሷም ጸለየች። ተንበርክካ እየጸለየች እያለ እጇን ሳብ አደረጋት። በዚያው ቀን ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። አንደኛው «ባሌ ሊሞት ነው» የሚል። ሁለተኛው «ጌታ ተቀይሞኛል» የሚል። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተነፈሰችም።

ስንቱን እንዲህ ዝም አሰኝተናል? ስንቱን?

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ መጣ። ይሄኛው ዳገቱ ላይ ነው። መሬቱ አለት ነው፤ ዲጅኖ ሲያርፍበት እሳት ይረጫል። ባልየው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይሄ እንኳን ለእኛ ለልጅ ልጆቻችንም አይናድ» አላት። ወረደ።

እሷ ገመዱን ግራ እጇ ላይ ጠመጠመች። እንደ ወትሮው ላላ አድርጋ አይደለም። ጠመጠመች፣ ደገመች፣ ደጋገመች፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ አጠበቀችው። እንዳያመልጣት ነዋ! ጠብቆ የታሰረ እጅ ውስጥ ደም ሲመታ ታውቁታላችሁ? ድም፣ ድም፣ ድም። ከውስጥ ይሁን ከውጭ መለየት ያቅታል።

ባልየው አንዴ ሳብ አደረገ። ባልዲው ሞልቷል። በቀኟ እየጎተተች በግራዋ እየያዘች መሳብ ጀመረች። የሞላው ድንጋይ ነው። ክንድ በክንድ፣ ክንድ በክንድ። ባልዲው መንገዱን አጋምሷል። ከባልዲው ሥር ማን አለ? ባሏ። ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል።

በዚህች ሰዓት ግራ እጇ ላይ ያ ገመድ ተንቀጠቀጠ።

አፈር ሲወድቅ አልተሰማም። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብላ ብታይ ኖሮ! አንዲት ቃል ብትጣራ ኖሮ! ግን እጇ የአሸዋውን ቀን አልረሳም። «ሊናድ ነው!» አለ እጇ። አሁን የባሏን ገመድ መሳብ አለባት፤ ለእሱ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ሁለት እጅ ለማግኘት ምኑን መልቀቅ አለባት?

ባልዲውን ለቀቀችው።

አዎ። ለቀቀችው። ባሏን ለማዳን ብላ፣ ድንጋይ የሞላ ባልዲ በባሏ ላይ ለቀቀች።

ባልዲው ግድግዳውን እየገጨ ወረደ። መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ምንም።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ፤ አትቸኩሉ፤ እሷም ቆማ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካለች። ታች ጨለማ ነው፤ ሽቅብ የሚመጣው አቧራ ብቻ ነው። ገመዱን ሳብ አደረገችው፤ ምላሽ የለም። አላላችው፤ ምላሽ የለም። በእነሱ ደንብ ገመዱ ዝም ካለ ሌላ የሚናገር የለም። መጣራት ነውር ነው። ነውሩስ ይሁን። ግን ተጣርታ ባይመልስስ? ዝም ብላ እስከተቀመጠች ድረስ ባሏ ገና አልሞተም። ከተጣራች ግን ቁርጡን ታውቃለች።

አያችሁ ጭንቀት የሚሠራውን? ያልተናደውን ተናደ ይላል። በእውነት መጠየቅ ሲያስፈልግ ደግሞ አፍ ይይዛል።

ተንበርክካ ቆየች። አንድ ሁለቴ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ድምፁ ሳታዝዘው ወጣ።

«የፌበን አባት!»

ዝም።

«የፌበን አባት! አለህ ወይ?»

ከታች ሳል ተሰማ። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ያለ ሳል ሰምታ አታውቅም፤ ከመዝሙር ይበልጣል።

«አለሁ!» አለ ሰውዬው። «ምን አድርጌሽ ነው? ልትገይኝ ነው እንዴ?»

ባልዲው ግድግዳውን ሲገጭ ሰምቶ ጥጉ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጭንቅላቱን ስቶት ትከሻውን አገኘው። አጥንቱ ተሰብሯል። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ፤ በአንድ እጁ እየተንጠላጠለ፣ እነሱም እየሳቡት ወጣ። ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ሚስቱ ከፊቱ ቆማለች፤ አትጠጋም፣ አትርቅም።

«ለምን ለቀቅሽው?» አላት።

«ገመዱን ነቀነቅከዋ!»

«አልነካሁትም።»

«ነቅንቀኸዋል! እጄ ላይ ነው የተሰማኝ!»

«ሁለቱም እጄ ዲጅኖው ላይ ነበር። በምኔ ልነቅንቀው፣ በጥርሴ?»

«ታዲያ ማን ነቀነቀው?»

በደህናው እጁ ግራ እጇን ያዘ። ገመዱ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ጣቶቿ ጠቁረዋል። ይንቀጠቀጣሉ። እሱ ይዟቸውም ይንቀጠቀጣሉ፤ ከእጇ የተንጠለጠለው ገመድም አብሯቸው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም አዩት። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ አየው።

ከታች ማንም አልነካውም። ገመዱን የምታንቀጠቅጠው እሷው ነበረች።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ከአሸዋው ጉድጓድ ወዲህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈሪ እንዳትለኝ ብዬ።»

ሰውዬው ሊስቅ ፈልጎ ትከሻው ከለከለው። «እኔስ?» አለ። «በወረድኩ ቁጥር እፈራለሁ። አንቺ ላይ ምንም ስለማላይ ነው እየተደፋፈርኩ የምወርደው።»

ለካ ሁለቱም እየተፋፈሩ ነው! አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በአንድ ገመድ ተያይዘው፣ አንዳቸውም ሳይናገሩ።

ወጌሻ መጥቶ አጥንቱን አሰረለት። ትከሻው ሲድን የዳገቱ ጉድጓድ እየጠበቀ ነው። እሷ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረች። «ከእንግዲህ ገመድ አልይዝም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ሌላ ሰው ነፍሴን አልሰጠውም።»

«እኔ ልገድልህ ነበር እኮ!»

«ገመዱን አምነሽ ነዋ። ከዛሬ ጀምሮ ገመዱን አትመኚው፤ እኔን ጠይቂኝ።»

«እየተጣራሁ? ሰው ሲሰማ?»

«ይስማ። የሚስቅ ይሳቅ። ስቀው ሲጨርሱ እኔ በሕይወት እኖራለሁ።»

ወረደ። እሷ ገመዱን ጠመጠመች፤ ላላ አድርጋ። ባልዲው ሞላ። መሳብ ጀመረች። ባልዲው ልክ እንደዚያን ቀን መንገዱን አጋመሰ። እጇ ምን አደረገ? ተንቀጠቀጠ! ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ልብ፣ ያው «ሊናድ ነው!»። ባልዲው ከበዳት። ጣቶቿ ሊከፈቱ ሆነ። ሊከፈቱ! በዚያ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያያሉ። አፏን ከፈተች።

«የፌበን አባት! ነቀነቅከው?»

«አልነካሁትም!» አለ ከታች። «ሳቢ!»

ሳቅ ተሰማ። «ቆፋሪና ሚስቱ ያወራሉ ዛሬ!» አለ አንዱ። ይበል። እጇ እየተንቀጠቀጠ ባልዲውን ሳበችው። እየተንቀጠቀጠ ነው የምላችሁ! ባልዲው ወጣ፤ ድንጋዩ ተደፋ፤ ሰውዬው ከታች መቆፈሩን ቀጠለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ በሩ አትዩ፤ በሩ የትም አይሄድም።

አንቺ ልጅሽ ትኩሳት ይዞት አቅፈሽ ወደ ጤና ጣቢያ የሮጥሽው፣ እሱ ውጥረት ነው። እሰየው ሮጥሽ! ልጁ ድኖ ግቢ ውስጥ ኳስ እየመታ፣ አንቺ በየደቂቃው ጠርተሽ ግንባሩን የምትዳብሺውስ? አንተ ፈተናው ደርሶ እንቅልፍ ያጣኸው፣ ፈተናው ሲያልፍ ትተኛለህ፤ እሱ ውጥረት ነው። ፈተናው አልፎ፣ ውጤቱም መጥቶ፣ አሁንም ደረትህን ሰው የቆመበት ያህል የሚከብድህስ? አንድ ቀን በስልክ ክፉ ወሬ ሰምታችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስላችሁ የላችሁም? አላችሁ። እዚሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁን ኪሳችሁን ነካ አድርጋችኋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጠይቁ። ከታች በእውነት የሚናድ ነገር አለ ወይ? ካለ ሳቡ! ምን ትጠብቃላችሁ? ጸሎቱንም እየሳባችሁ ጸልዩ። ከሌለ ግን ባልዲውን አትልቀቁ። በፍርሃት የለቀቃችሁት ነገር የሚወድቀው በምትወዱት ሰው ላይ ነው። አባት ለልጁ ስለሚፈራ ልጁን ይገርፋል። ሚስት ባሏን እንዳታጣ ስትፈራ በነጋ በጠባ ትጨቀጭቀዋለች። ፍቅር ነው ያስለቀቃቸው፤ የሚሰበረው ግን ትከሻ ነው።

ደግሞ በድምፅ ጠይቁ። ለጌታ «ፈርቻለሁ» በሉት፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ይታገሣል። ለሚቀርባችሁ ሰው ንገሩ። እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሥራ ካስፈታችሁ፣ ሲስተር ጋ ሂዱ። ለተሰበረ ትከሻ ወጌሻ ስትጠሩ ማንም እምነት የላችሁም አላላችሁም። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ሲሆን ለምን ታፍራላችሁ?

እናንተ «ጸልዪና ተይው» የምትሉ ደግሞ! አዎ፣ እናንተን ነው። ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን ከመናገራችሁ በፊት እጇን ያዙና እዩት። ገመዱ የት ድረስ እንደሰመጠ እዩላት።

ይህን ምሳሌ እንዴት እንደምጨርሰው ከረቡዕ ጀምሮ አስቤበት ነበር። «ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃት አጠገቧ ደርሶ አያውቅም! ሃሌሉያ!» ብዬ ልዘጋው። እናንተም ብድግ ትሉና እልል ትላላችሁ። ያምራል፣ አይደል? ትናንት ፈቃዷን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ገመዱን ዘርግታ የሳሳ ቦታ እንዳለው ትፈትሻለች። ከራስጌዋ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ልክ አሁን እንደማደርገው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ነው ፍርሃቱ ለቋታል ያለሽ?» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት ራሱ እጄ ተንቀጥቅጧል። ጠይቄ ነው የሳብኩት። ይልቅ ስብከቱን ተይና እግርሽን ከገመዴ ላይ አንሺ!»